ሩብ ዙር

ኦውሉ በታኅሣሥ፣ ቀን ሳይነጋ መሽቷል፤
ከመስኮቱ ወዲያ ባሕሩ ረግቷል።
አይሊ አላየችም።
ሞገድ በሞገድ ላይ ታነባብራለች፤
መቶ ሺህ ዜሮና መቶ ሺህ አንዶችን
መዳፍ በምታህል ስክሪን ደራርባ አስተኝታ
ዓይን ትጠብቃለች።

ዓይኑ አልተገለጠም።
ሦስት ሌሊት ሙሉ አረንጓዴ ጭጋግ፣
ቅንድብና ሽፋል፣ ብሌን የሌለበት።

«ትናንት ነው የጋረደሽ» አለ ሬይዮ ከኋላ፣
ጡረታ ሊወጣ ሳምንት የቀረው ሰው፤
«ያለፈው ቢት ገና ከቤቱ ሳይወጣ
ጅራቱን ሲጎትት ተረኛው ከመጣ፣
አንዱን ከዜሮው ማን ይለይልሻል?»

ማጣሪያ ጨመረች። ገመድ ቀያየረች።
ኋላ ላይ ግን እንዲያው፣ በሁለት ጣቶቿ፣
አንዲት የላላች ማያያዣ
ሩብ ዙር አጠበቀች።

የከበደ የዓይን ቆብ ቀስ ብሎ ተነሣ፤
መሐሉ ጠቆረ፣ ሰፋ፣ ጥርት አለ።
መስመሮቹ አይደሉም ለካ የሚያዩቱ፤
አንድም ቢት ያልረገጠው
ያ ባዶ ቦታ ነው።

ሬይዮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ጎንበስ አለና «አየን» አለ።
ማን ማንን እንዳየ አልጠየቀችውም፤
ቀንና ሰዓቱን፣ የገመዱን ቁጥር
መዝገቡ ላይ ጽፋ
ጓንቶቿን ፈለገች፤
አንዱ የለም።