ባለ ዳክዬው አውቶቡስ

ደብዳቤ መጣና ከመሪዬ ነጠለኝ፣
ቶሌዶ፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ወንበር ሰጠኝ።
ስምንት ሆነን ገባን፤ ስምንተኛዋ ነበርኩ፣
የትምህርት ቤት ሾፌር፣ ሕግ ያልተማርኩ።

ጉዳዩ የጓንት ነው፤ የወፍራም ጎማ፣
ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ ሌሊት፣ በጨለማ፣
ሽቦ የሚጠግን ሰው የሚያጠልቀው፣
በሞትና በእጁ መሃል የሚቆመው።
አንጓው ላይ ሽመላ፣ ቀይ፣ በአንድ እግር የቆመች፤
ሔድቪግ ናት በእጇ ሥላ ያወጣች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጋራዥ ጀምራ፣
እያንዳንዱን ጥንድ በአየር ነፍታ፣ ቆጥራ፣
የሚተነፍሰውን በመቀስ ቆርጣ ጥላ፣
ላለፈው ብቻ ነው የምታትም ሽመላ።
በመዝገብም ሰፍሯል ምልክቱ፣ በስሟ፣
በዐሥር በዐሥር ዓመት የሚታደስ በአቅሟ።

ተከሳሹ ፒትካርን፣ ከረባቱን አስሮ፣
ጓንት ያስመጣ ነው መርከብ አሳፍሮ።
«የኔዋ ወፍ» አለ፣ «ሁለት ነው ያላት እግር፤
ቀለሟም ብርቱካን፤ የታለ ችግር?»
ጠበቃው ማስመሪያ አወጣና ለካ፤
ዐሥራ አንድ ልዩነት ቆጠረና ረካ።

ቨርሊን ታኬት መጣ ለምስክርነት።
ማል ሲሉት ቀኝ እጁን አነሣ።
ሁለት ጣት።
«ዝናብ ነበር» አለ፤ «ሰፈሩ ጨልሟል፤
አንዲት ሴት በመስኮት ባትሪ ታበራልኛለች።
ጓንቱን አየሁ። ወፍ አለች። ቀይ መሰለችኝ።»
ከዚያ በላይ አልሄደም። ማንም አልገፋውም።

«ገበያተኛ» አለች ዳኛዋ በእርጋታ፣
«ማስመሪያ አይዝም፤ የለውም ፋታ።
ሁለቱን አስተኝቶ ጎን ለጎን አያይም፤
በልቡ የያዘው ሥዕል ሙሉ አይደለም።
በዚያ በጎዶሎው ትዝታ ሲገዛ
ይምታታል ወይ? በሉ። ሌላ ነገር አይብዛ።»

በሩ ተዘጋብን። ረትገር ተነሣ፣
ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሆዱ ያልከሳ፦
«ወፍ የፈጣሪ ናት። ዛሬ ብንሰጥ በይፋ
ነገ ‹ደመናም የኔ› የሚል አይጠፋ።»
እውነት አለው፤ ዝም አልን።
ራት ደረሰ፤ አራት ለአራት ነን።

እኔም ተናገርኩ፣ ሳልዘጋጅ፦
አውቶቡሴ መስኮት ላይ ዳክዬ አለች፣ ከካርቶን።
ዐሥራ ዘጠኝ አውቶቡስ፣ ሁሉም ቢጫ፣
ቁጥር ማንበብ ያልጀመረ ልጅ
በዳክዬዋ ነው ቤቱን የሚያውቀው።
ባለፈው ጥቅምት ሌላ ሾፌር ዳክዬ ለጠፈ፤
ክፋት አልነበረውም፣ አምራው ነው፤
የእሱዋ እንዲያውም ኮፍያ ነበራት።
ኦሪን፣ የጫማው ማሰሪያ ሁሌ የተፈታ፣
ኮፍያ አልቆጠረም። ተሳፈረ።
ሲመሽ አገኘነው፣ መጨረሻ ፌርማታ፣
በቆሎ እርሻ ዳር፣ ቦርሳውን ታቅፎ፦
«ዳክዬዋ ዋሸችኝ።»
ዳክዬ አትዋሽም ልለው ነበር።
ዋሽታለች።

ረትገር መነጽሩን ጠረገ፣ ደጋግሞ።
ሕጉ ለወፏ አልቆመም ለካ፣
ወፏን አምኖ እጁን ለሚዘረጋው ነው እንጂ።
ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ፤
የጓንት ስም ግን ሥራው ከመቃብር በፊት ነው።

ስምንታችንም አንድ አልን። ፒትካርን ከረባቱን ፈታ፤
ወደብ ላይ የታገደው ጓንት ይጥፋ ተባለ።
ሔድቪግ አልሳቀችም። የቨርሊንን እጅ ታያለች።
እሷንም ፈራሁላት፦ አንድ ቀን ደክሟት
ሳትነፋ ብታትም፣
ያቺው ቀይ ሽመላ፣ የራሷ፣ የተመዘገበችው፣
እንደ ኦሪን ዳክዬ ትሆናለች።
ያኔ ማን ማንን ይከሳል?

ሰኞ ጠዋት መስታወቱን በእጅጌዬ ወለወልኩ።
ኦሪን ደረጃው ላይ ቆመ፤ ከኋላው ሰልፍ አለ፣
ይገፉታል፤ እሱ ግን አንጋጦ
ኮፍያ እንዳላት ያጣራል።
የላትም።
ሌላም ነገር ፈለገ፣ እግሯን፣ ምንቃሯን፣
ከዚያ እኔን አየኝ፣
ማሰሪያውን እየጎተተ ገባ።