አንድ ጋት

ፒትስበርግ፣ ዳገቱ ላይ፣ አውቶቡስ ማርሽ በሚቀይርበት፣
እንደ ሽብልቅ ገብቶ ቆሟል የኛ ቤት።
የወጥ ቤቱ ማዕዘን አምስት፤
አንዱም ቀጥ አላለ፣ አንዱም ካንዱ አልገጠመ፤
ወለሉም ወደ ጓሮ ዘመመ፦
ቲማቲም ከእጄ ካመለጠ
ምድጃው ስር ይሸሸጋል፣ ብቻውን እየሮጠ።

ፍሪጁ ከተከፈተ መሳቢያው አይከፈትም፤
ምድጃው ከተከፈተ ሰው በበሩ አያልፍም፤
የጭስ ማውጫው ጡብ፣ የከሰል ዘመን ቅሪት፣
መሀል ላይ ተገትሯል፣ እንደማይሄድ እንግዳ፣ ፊት ለፊት።
ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ይወጣል፤
"ይቅርታ" ይላል ምንተስኖት፣ "ይቅርታ" እላለሁ፣ ሽንኩርቱ ያራል።
በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር
ያን ሁሉ ይቅርታ ስንባባል፣ በዳይ ግን አልነበር።

ኮንትራክተር ጠራን። ለካ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፤
የጻፈልን ሒሳብ ከመኪናችን ዋጋ ላቀ።
ምንተስኖት ወረቀቱን አጥፎ ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ስር ወተፈው፤
"እኛው እንሠራዋለን" አለ።
ጠረጴዛው ጸጥ ሲል ፍርድ መሰለው።

ቅዳሜ መዶሻ ተዋስን ከሚስተር ኮቫሊክ፣ ከጎረቤታችን።
ልጅ ሳለሁ፣ ግጥም ጽፌ ሳነብ፣ አስተማሪያችን
"ቤቱ አይመታም" ብለው ያስቀመጡኝ እኔ ነኝ፤
ያን ቀን መታሁት!
ልስኑ ቦኖ ወፍጮ ቤት የዋልኩ አስመሰለኝ።

ዘጠኝ ሳምንት ሳህን በመታጠቢያ ገንዳ፣ ተንበርክከን አጠብን፤
ሩዝ በአንድ ዓይን ምድጃ፣ ከአልጋው ጎን ቀቀልን፤
የጥርስ ብሩሼን ከሹካዎቹ መሀል አገኘሁት፤
አንድ ሌሊት ፍሪጁ የት ይቁም በሚል ተኳርፈን፣
ሳሎን መሀል ሲያጉረመርም ያደረውን ፍሪጅ፣ እንደ ሰው ጠላሁት።

ከግድግዳው ጀርባ፣ ባሮጌው ቋሚ እንጨት ላይ፣
የአናጢ እርሳስ ምልክት። መብራት አስጠግተን ስናይ
መቀነስ ነው፦ ከዘጠና አንድ ላይ ሠላሳ ስምንት፤
መልሱ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፣ ስድሳ ሦስት።
አንድ መበደር የረሳ፣ ወይ ያፈረ ሰው፣ ከሞተ ከዘመናት በኋላ
እኛ በባንክ ብድር በገዛነው ቤት
ግድግዳውን አጋደለና እኛን አጣላ።
ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ሚስተር ኮቫሊክ "አትፍረዱበት" አለ፤
"ምሳ ደርሶበት ይሆናል፤ ወይም ዝናብ ሊጥል ሲል፣ እየቸኮለ።"

ቀጥ ልናደርገው ሞከርን። ውሃ ልኩ እሺ ሲል ዓይናችን እምቢ አለው፤
ከዘመመ ቤት መሀል
ቀጥ ያለው መደርደሪያ ነው ዘማሚ መስሎ የታየው።
እንደ ልብስ ሰፊ የማዕዘኑን ልክ በካርቶን ወሰድን፤
ጣውላውን በሱ ቅድ ቀደድን።
ጡቡን ተውነው። የጨው እቃ፣ የበርበሬ ብልቃጥ ተደግፎት ቆመ፤
እንግዳው ሥራ አገኘ፤ እኔም ቂሜን ተውኩ፣ እሱም እንደቆመ ከረመ።

የድሮው ልስን ተልጦ ሲወጣ የተረፈን አራት ኢንች፤ በእጅ ሲለካ፣ አንድ ጋት።
ዘጠኝ ሳምንት፣ ስምንት ሺህ ዶላር፣ አንድ የጠቆረ አውራ ጣት፣
ለአንድ ጋት!

ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ምንተስኖት ድንች ይልጣል፤
በጀርባው አለፍኩ። ክንዴ አልነካውም። ጋት ለካ ሰው ያሳልፋል።
"ይቅርታ" አልኩ፣ ከልማድ፤
እሱም ቦታ ሳይጠበው ጠጋ አለልኝ፣ ከልማድ፤
ድንቹ አመለጠው፤
ባሮጌው መንገዱ ወርዶ ምድጃው ስር እስኪገባ፣ ሁለታችንም ቆመን አየነው።
ወለሉ፣ ገና ነው።