ካቴና

እኔም ፈርሜያለሁ፣ ምን ያስደብቀኛል፤
«ፖሊስ ከግቢው ይውጣ» ከሚለው ደብዳቤ ስሜ ይገኛል፣
አርባኛው ተራ ላይ፣ ከዓሣ ሻጩ በታች፣
ግሪኖክ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ቀለሙን አጥባ አሳሳች፤
ቢሆንም ይነበባል።

ሃያ ሁለት ዓመት የዚህን ትምህርት ቤት ቁልፍ የያዝኩ ሰው ነኝ፤
የትኛው በር እንደሚያለቅስ፣ የትኛው ልጅ እንደሚሰብር፣
ማንም አይነግረኝ።

እሷ በነሐሴ መጣች። ኢሽቤል ራንኪን ትባላለች፣
ስለት የማይበሳው ሰደርያ ለብሳ፣ ሬድዮ ታጥቃለች።
በኮሪደሩ ስታልፍ ወሬ ይሞታል፣
ሳቅ ወደ ኪስ ይገባል፣
አንዱ ከኋላዋ እንደ ሳይረን ያፏጫል።
«እንዴት አደራችሁ» ትላለች ማለዳ በር ላይ ቆማ፤
አጸፋ የሚሰጣት ዝናብ ነው፣
ከመለዮዋ ጫፍ ወርዶ፣ በራሱ ዜማ።

ስትሩዋን የሚባል ልጅ አለ፣ የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ፣
ሁልጊዜ የሚያረፍድ፣ ሁልጊዜ የራሰ፣
ሲጠሩት «አቤት» ማለትን የረሳ።
አንድ ቀን ብስክሌቱን እየጎተተ መጣ፣
ካቴናው ከጥርሱ ወልቆ፣ እንደ አንጀት ተንዘልዝሎ ወጣ።
«ትቆጣዋለች» ስል፣ ተንበርክካ አየኋት፣
አስፋልቱ ላይ፣ ከነደንብ ልብሷ፣ ግራሶ እስከ ክርኗ ሲቀባት።
«መፍቻ አለህ?» አለችኝ ቀና ብላ።
ነበረኝ። የማሞቂያ ክፍሌን ከፈትኩ፤
ደረቅ ቦታ ከየት ሊገኝ ሌላ!

እንዲህ ተጀመረ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ።
አንዱ ሌላውን ስቦ፣ ያም ሌላ አስከትሎ፣
ያቺ ጠባብ ክፍል ስድስት ልጅ፣ አራት ብስክሌት፣ አንድ ፖሊስ ችሎ።
«ፖሊስ ሲዘረፍ ለማን ይጮኻል?» ብላ ኤይሊ አፏን ስታሾለው፣
«ለእናቱ ነዋ» አለች፤
የማሞቂያውን ጩኸት ያን ቀን ሳቅ ዋጠው።

እኔ ግን ጥጉ ላይ ሆኜ፣ ሻዬን እያማሰልኩ፣
«ወጥመድም ማር ይቀባል» አልኩ። በሆዴ ነው ያልኩ።

በጥር፣ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ የስትሩዋንን ወንድም ያዙት፤
ስለ ምን? በየሱቁ ደጃፍ አሥር ዓይነት አድርገው አወሩት።
ከመኪናው ጣሪያ እንዳይጋጭ አናቱን በመዳፏ ሸፍና
ስታስገባው ያየ አለ፤ እጆቹ ከኋላ፣ በካቴና።
ማክሰኞ ካቴና ያጠበቀች፣
ሐሙስም ካቴና ያጠበቀች፣
ያችው አንዲት እጅ ነበረች።

ልጆቹ በአንድ ሌሊት እንደገና ጀርባ ሆኑ።
እሷ ብቻዋን ትመጣለች፣
የጠራውን መፍቻ መልሳ ትወለውላለች፣
ከዳቦዋ ግማሹን ትተዋለች።
«የዚያን ሌሊት ሌላ ሰው ይሂድ ብል ይሻል ነበር?» አለችኝ።
ዝም አልኳት።
የፈረመ ሰው ምን ይላል?

ስድስት ማክሰኞ አለፈ። በሰባተኛው በሩ ተንኳኳ።
አልገባም። ደፉ ላይ ቆሞ፣ ውሃ ከጸጉሩ እየፈለቀ፣
«ካቴናው እጁን አሳመመው?» አለ፤
ድምፁ መሀል ላይ ደቀቀ።
እኔ ውሸት ጠበቅኩ፣ ደግ ውሸት፣ ለልጅ የሚነገር።
«አዎ» አለች። «ኋላ አላላሁለት። ግን አሳምሞት ነበር።»

ሬድዮው ተንጫጫ። አጠፋችው።
ልጁ ጫማዋን አየ፣ ብዙ ቆየ፤
ከዚያ ብስክሌቱን አስገብቶ ገለበጠ፣
የዛገውን ካቴና እያሳየ።
ዘይቱን ያቀበልኩ እኔ ነኝ።
ማንም ይቅርታ አላለ፣ ማንም ማንንም አላቀፈ፤
ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣
የክፍለ ጊዜው ደወል ሳንሰማው አለፈ።

ፊርማዬን? አልፋቅኩትም። አርባኛው ተራ ላይ አለ።
በሌላ ግቢ፣ በሌላ ሰው ደረት ላይ፣
ያ ሰደርያ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል?
ግን ቅዳሜ ወደ ወደቡ ወርጄ
የማሞቂያውን ክፍል ቁልፍ በሁለት አስቀረጽኩ።
አንዱን ሰጠኋት።
ሌላው ኪሴ ውስጥ ነው፤
ማክሰኞ አርፍዶ የሚመጣ ጎረምሳ ይጠብቃል።