የሐሙስ ጣሳ

ደሴ ላይ፣ ሆጤ ሥር፣ ከሙሄ ሱቅ ጓዳ፣
ሰባት ነን፤ ለሰማይ የሌለብን ዕዳ።
ሆዱ የተፈታ የሬዲዮ ሬሳ
ባንኮኒው ላይ ተኝቷል፤ ከጎኑ አንድ ጣሳ፤
የዱቄት ወተት ነው፣ አፉን የተበሳ፤
ስሙን የጠራ ሰው አምስት ብር ነው ካሳ።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ራሴ ጦይባ፤
ለቀልድ ብዬ ነበር፣ ቀልዱ ጓዳ ገባ።
«እንዴት አደርክ?» ሲሉህ ምን ብለህ ትድናለህ?
«ይመስገን» ያልክ እንደሁ አምስት ትጥላለህ።
ካስነጠስክ «ይማርህ» ያለህ ሰው ይከፍላል፤
«እሱ ያውቃል» ብትል «እሱ ማን?» ይባላል፤
ቋንቋው ራሱ እኮ ይሰግዳል፣ ይሳላል።

ከኮምቦልቻ ፈንቴ ሐረጎን አቋርጣ፣
ጥጥ ራሷ ላይ ቀርቶ ትመጣለች ሮጣ።
ጋሽ ይመር አራጋው ጡረታ የወጣ፣
ከሁላችን ይልቅ ጣሳ የሚያጠጣ፣
«አምላክ የለም!» ብሎ «በእግዜር!» የሚቆጣ።

ሰፈሩ ያማናል፦ «ጋኔን ይጠራሉ»፤
ውስጥ ግን ሰባት ሰዎች በዳማ ይጣላሉ፤
የኮከብን ዕድሜ፣ የበርበሬን ዋጋ
ስንጥል ስናነሳ እስከሚነጋጋ።
ዓረፋ ሲመጣ ከነሐዋ ቤት ነን፤
ለትንሣኤ ደግሞ ወርቄ ቀድማ ጠርታን፤
እምነት ባይኖረንም ሆድ መች ጎደለብን?

ጨረቃ ስትጨልም አዝዋ ገደል ወጥተን፣
ስትቀላ ብናያት «ያረቢ!» «ጌታዬ!» አልን፤
ሠላሳ አምስት ብር ባንድ ትንፋሽ ከፈልን።

በሦስተኛው ዓመት ጣሳው ተከፈተ፤
አንዱ መጽሐፍ አለ፣ አንዱ ሌላ ሻተ፤
ሙሄ ከብየዳው ጢስ ቀና ሳይል፦
«የሰፈሩ ቃሬዛ ወገቡ ተሰብሯል።»
ይኸው ነው ያለው።

ቱቦና ሸራ ገዛን። ራሱ በየደው።
ስም አልጻፍንበትም።
ምጥ የያዛትን ሴት በክረምት ጭቃ አሻገረ፤
ከግንብ የወደቀ ወዛደር ሆስፒታል አደረሰ፤
ለጀናዛ ብሎ መስጊዱ ተዋሰው፤
ለፍትሐት ጊዜ መድኃኔዓለም ተዋሰው፤
ብሩ የማን እንደሆን የጠየቀን የለም፤
ባለስሙም ቢሆን «ድርሻዬን» አላለም።

ነሐሴ ላይ ጋሽ ይመር ሞተ።
ጦሳን ጉም ውጦት ነበር።
አባቱ አራጋው መድኃኔዓለም ናቸው፣
እናቱ ዘሀራ ሸዋ በር።
እሱ «ከዚያች ባሕር ዛፍ ሥር» ይለን ነበር፤
ባሕር ዛፏን ማዘጋጃ ቤት አምና ቆርጧታል።
ሽማግሌዎቹ ጃንጥላ ሥር ቆመው
በጨዋ ደንብ፣ ድምፅ ሳያነሱ ተሟገቱ፤
«አንቀብርም» ያለ አልነበረም፤
«ለኛ ይሁን» ነበር ጠቡ።
አንድ ሰው ብቻ «ከሃዲ» ብሎ ምራቁን ተፋ፤
እሱም ግን አካፋ ይዞ ነበር።
እህቱ ከድንኳኑ ብቅ አለችና
«ከእናቱ ጎን» አለች።
እኛ አልተሟገትንም። ሙግት የሐሙስ ነው።
በዚያው ቃሬዛ ሄደ፣
ግማሹን በአንደበቱ ስሕተት
ራሱ በከፈለው።

ሐሙስ።
የዳማው ቆርኪ እሱ ካቆመበት አልተነሳም።
ፈንቴ ጥጧን ከራሷ ትለቅማለች፤
አንዱ ሬዲዮ ነፍስ ዘርቶ
የእህል ዋጋ ይናገራል።
እኔ፣ ደንቡን ያወጣሁት፣
«ነፍስ ይማር» አልኩ።
ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ አማርኛ አልሰጠኝም።
አምስት ብር አጥፌ ጣሳው ውስጥ ጣልኩ።
ሙሄም ከኪሱ አወጣ።
«አንተ እኮ ምንም አላልክም» አልኩት።
«በሆዴ ብያለሁ።»