ብሎን

አስታማን ይባላል፣ የዕቃ ቤቱ ሹም፤
ለእኛ ጆሮ ስሙ ማስታመም ይመስላል፣ ሐኪም ግን አይደለም።
ከካትማንዱ ወጣ ብላ፣ በጡብ በተሠራች ከተማ፣
አርብ በመጣ ቁጥር መሰርሰሪያው ሲጮኽ፣ ሁሉም እሱን ሲያማ፣
የመድኃኒት መደርደሪያውን ከግድግዳ ሲያጣብቅ፣
የኦክስጅን ሲሊንደሩን ወገብ በሰንሰለት ሲያስጨንቅ፣
ዶክተር ፕራቲቫ ከቀዶ ጥገና ወጥታ፣ ጭምብሏን ፈታ፣
«ግድግዳው እንዳይጠፋ ነው የምታስረው?» ትለዋለች በፈገግታ።
መልስ የለውም፤ ሦስት ብሎን በከንፈሩ ነክሷል፤
ብሎን የነከሰ ሰው ክርክር ከገባ ይውጠዋል።

ለብሎንና ለፊሸር ሰባት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ፤
ስድስቱ መልስ አላገኘም፣ ሰባተኛው «ላልመጣ አደጋ?» ተብሎ ታለፈ።
ከደመወዙ ገዛ። ሚስቱ ዛሬም አልሰማችም፤
ይህ ግጥም ደርሶ ካልነገራት በቀር፣ እኔም አልተናገርሁም።

ከዝናቡ ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ለት፣ ልምምድ ሆነ፤
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ የቀይ ስር ውሃ ተቀባ፣ አነከሰ፣ አቃሰተ፣ ለመነ።
መጀመሪያ የተገኘው ቁስል ግን የልጆቹ አልነበረም፤
የአደጋ ጊዜ መጋዘኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ የለም።
ቁልፍ ያዡ የእህቱ ልጅ ሰርግ ሄዷል፣ ሁለት ተራራ ማዶ፤
ቃሬዛው ከውስጥ፣ ቁስለኛው ከውጭ፣ መሐሉ በአንድ በር ተጋርዶ።
ጀነሬተሩ ሁለቴ ሳለ፣ በሦስተኛው ዝም፤
ናፍጣው በእንጨት ቢለካ ጫፉን እንኳ አላራሰም።

ሳኑማያ በምትባል ልጅ ክንድ ላይ ጥቁር ካርድ ታሰረ፤
ትርጉሙን አልነገሯትም፤ መጀመሪያ ሳቋ አስቸገረ።
ቀይ ካርድ ያላቸው በሩጫ ሄዱ፣ ቢጫዎቹ ቆይተው ተነሡ፣
አረንጓዴዎቹ በእግራቸው፣ እየተገፋፉ፣ ብስኩት እየቀመሱ።
እሷ ሲሚንቶው ላይ ተኛች። ጫማ አለፈ፣ ጫማ ተመለሰ፤
አንዲት ነርስ ዓይኗን አየች፣ አቀረቀረች፣ እርምጃዋ ገሠገሠ።
ብርዱ በጀርባዋ ገባ። ሳቋ የት እንደሄደ እንጃ።

ማምሻውን በግምገማው፣ ሁሉም ደቂቃ ሲቆጥር፣
እጇን አወጣች፤ ግንባሯ ላይ ገና ቀይ ስር።
«ለምን አለፋችሁኝ?»
ነርስ ጃናኪ፦ «እጃችን ሁለት ነው፤ ሊተርፍ የሚችለው ይቀድማል፤
እንዲያ ካልሆነ ያም ይህም ይሞታል።»
ልጅቱ አሰበች። «እሺ፤ ማለፉን እለፉ፤
ግን አንድ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ። እሱንም ጻፉ።»

ጻፉት። ከናፍጣው በታች፣ ከቁልፉ ቀጥሎ፣ በመጨረሻው ረድፍ፤
«ጥቁር ካርድ የታሰረለት ሰው፣ ብቻውን አይለፍ።»
አስታማን በማግስቱ ጓጉንቸሩን በመጋዝ ቆረጠው፤
አዲስ ቁልፍ በመስታወት ሳጥን በሩ ጎን ሰቀለው።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ሌሊት፣
ምድር ጎኗን ቀየረች፣ እንቅልፍ እንዳጣች በሽተኛ፣ ድንገት።
የጡቡ ሰፈር ፈረሰ። ይህን ዜናው ሁሉ ይናገራል፤
ያልወደቀውን ግን ማን ይጽፋል?
አንድ መደርደሪያ፣ አራት መቶ ብልቃጥ ተሸክሞ፣ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤
ሲሊንደሮቹ በሰንሰለታቸው ይፋጫሉ፣ ይላተማሉ፣ አይወድቁም፤
ከሥራቸው የተኛችው አራስ ከምን እንደተረፈች አታውቅም።
ጀነሬተሩ አንዴ ሳለ፣ ያዘ።
መስታወቱ በክርን ተሰበረ፣ በሩ ተከፈተ።

በጓሮው ሣር ላይ፣ ጥቁሩ ካርድ በታሰረበት፣
አንድ አረጋዊ ሸክላ ሠሪ፣ እስትንፋሱ እየሰለለ በተኛበት፣
ሳኑማያ ተቀምጣለች፣ እጁን ይዛ።
ስሙን ጠይቃው፣ ነግሯት፣
እስኪነጋ በዚያ ስም ትጠራዋለች።
መልሱ ከቆመ በኋላም ትጠራዋለች።

ማለዳ ዶክተር ፕራቲቫ፣ ደም የደረቀበት ጋውን እንደለበሰች፣ ኮሪደር ላይ አገኘችው፤
ልትናገር ፈለገች። ብሎን ነክሷል። ተወችው።
ከግድግዳ ግድግዳ፣ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ይሄዳል፤
አንዱን ላልቶ ያገኘዋል፤
ግማሽ ዙር ያዞረዋል፤
ያልፋል።