ስምንት ብሎን

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ኤሲው ሲያጓራ ነው የምነቃው እኔ፤
ከሥጋዬ ቀድሞ ብረቱ ይበርደዋል፣
ሁለት ዘንግ፣ ስምንት ብሎን፣ አሥራ አንድ ዓመት ከጎኔ።

መስኮት ስወለውል ወደቅሁ፣ መጋረጃውን ይዤ፤
ማዳም «መጋረጃው!» ስትል እሰማለሁ፣ መሬት ላይ ደንዝዤ።

ዛሬ ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ
«የታችኛው ተሰብሯል፣ ይኸኛውም ላልቷል» አለ፣ በእርሳስ ከልሎ።
«ከፍተን እንቀይረው፤ ምናልባት ይሻልሻል፤
ምናልባት ደግሞ ግራ እግርሽ...»
የሐኪም አረብኛ ከብዶኝ ቶይባን ባያት፣
«ምናልባት» የሚለውን ብቻ ሁለቴ ተረጎመችልኝ።

እናቴ በስልክ፣ «ብረት መዝጊያ ሳይኖርሽ፣ በሰው አገር ብቻሽን?» ትላለች፤
መዝጊያው ጀርባዬ ውስጥ እንደተቀረቀረ ምን ታውቃለች?
ወርቅ ላጠልቅ መጥቼ ብረት አጠለቅሁ።
ቀና ያደረገኝም እሱ ነው፤ አልክድም።

የፈቃዱ ወረቀት ፍሪጁ ላይ፣ በማግኔት ተለጥፎ ሰነበተ።
ማታ ልፈርም ስነሳ
ብዕሩ ከእጄ ወደቀ።
ጎንበስ ማለት አልችልም።
ቶይባ ከሥራ እስክትመጣ
ቆሜ አየዋለሁ።