ስድስት ብርጭቆ

ከሌሊቱ ስምንት። ፓምፑ ያንኮራፋል።
ከሐይቁ ዳር መጥቶ ደንገሉ ይሸታል።
ስድስቱን ብርጭቆ ደረደርኩ በተራ፣
አሉሙን መጠንኩት በጠብታ ቆጠራ፤
ዐሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ እስከ ስልሳ ድረስ፣
መቅዘፊያው ይዞራል ውሃውን ሲያተራምስ።
ከዚያ ቀስ ይላል። ከዚያ ደግሞ ይቆማል።
እኔም እጠብቃለሁ።
ምንም አይወርድም።

አሊጋዝ ያስተማረኝ በነሐሴ ነበር፣
ጎርፉ የእርሻ አፈር ይዞ ሲንደረደር።
«ጭቃ የዋህ ነው» አለኝ፣ እጁ ነጭ በነጭ ሆኖ፣
«የተኳረፈ ነው፤ አንዱ አንዱን ይገፋል፣
ለዚያ ነው ሳይወርድ ተንሳፎ የሚያድር።
አሉም አበጋር ነው፣ መሃል ገብቶ ይቆማል፣
የዚህን እጅ ይዞ ከዚያኛው ያስማማል፤
የታረቀ ይከብዳል፣
የከበደ ይወርዳል፣
ውሃው ለብቻው ይቀራል።»
እንዳለውም ሆነ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ
ቡናማው ደመና ጓል ሠርቶ ሰመጠ።

ይህ ግን ጭቃ አይደለም።
ኅዳር ነው፤ ሰማዩ አንድም ጉም የለበት።
ክረምት ከየማሳው ያጠበው ማዳበሪያ
ሐይቁ ውስጥ ከርሞ፣
ዋቅላሚ በልቶታል፤ ጠግቦም ተራብቷል፤
ከዳር እስከ ዳር ድረስ አረንጓዴ ለብሷል።
ከደሴ የመጣ እንግዳ «እንዴት ያምራል!» ብሏል።

ያምራል።

ግን በሕይወት ሳለ እሱም ላብ ያልበዋል፣
ልጋግ የመሰለ ክር ውሃው ውስጥ ይጥላል፤
በዓይን የማይታይ፣ በአሸዋ የማይያዝ፣
ከስኳር ከፕሮቲን የተፈተለ ጓዝ።
አበጋሩ ገና ከሸንጎው ሳይደርስ
መንገድ ላይ ይጠብቀዋል፣ እጅጌውን ይይዛል፣
«እኛ ዘንድ እደር» ይላል፣
ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፤
ሸንጎው ተሰብስቦ ሽማግሌው ይቀራል።

ትናንትና ይመር ከቢሮ ደውሎ፣
«ክሎሪን ጨምሪበት፣ ገና ከመግቢያው ግደዪው» አለኝ።
ገደልኩት።
የሞተው ፈነዳ። ውስጡ የቋጠረውን፣
ለክፉ ቀን ብሎ ደብቆ ያኖረውን
ሁሉ ዘረገፈው። ቆጣቢ ነበረ በቁሙ፤
ለጋስ የሆነው ሲሞት ነው።
ጠዋት መናኸሪያ ዳር ሻይ የምታፈላው
(ስሟ ዘምዘም ነው፣ አይ ስም!)
ብርጭቆ አሸተተችኝ፦ «ሻጋታ ነው ወይስ አፈር?»
መልስ አልነበረኝም። ሂሳብ ግን አልተቀበለችኝም።

ስልክ ደወልኩ። አሊጋዝ ጡረታ ከወጣ
ሦስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ከእንቅልፍ ውስጥ መጣ።
«ጦይባ፣ ትንሽ ልጋግማ አንዳንዴ ያግዛል፣
ክር ሆኖ ቅንጣቱን ከቅንጣት ይይዛል፤
ሲበዛ ነው እንጂ የሚተበትበው።
ፒኤቹን አይተሻል? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የዋለበት ውሃ
እንደ አመድ ውሃ ነው፤ አበጋር አይሰማም።
ክሎሪኑን ዝጊው። ይኼ በዱላ አይሆንም።
ሳትሰብሪ አውርጂው፤
የተሰበረ ምስጢር ተመልሶ አይከተትም።»

ዘጋሁት። ከዚያ አሲድ፣ በጠብታ በጠብታ፣
ከዘጠኝ ወደ ስድስት ተኩል፣ በዝግታ።
እንደገና ስድስት። እንደገና ቅዝፊያ። ዝምታ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዛኑ ሲሰማ
ከአራተኛው ብርጭቆ፣ ከሥር፣ ከጨለማ፣
ጤፍ የምታህል አንዲት ነገር ታየች።
ጎረቤቷን ጠራች። ሁለት ሆኑ። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ።
ቀላል ናቸው፣ ላባ፤ እንደ ነሐሴ ጓል አይቸኩሉም፤
ትንሽ ይወርዳሉ፣ ይቆማሉ፣
የረሱት ነገር ያለ ይመስል፣
ደግሞ ይወርዳሉ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «አርባ። ስድስት ተኩል።»
ማን እንዳስታረቀ የሚሞላበት ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።
የዘምዘም ማንቆርቆሪያ አሁን ባዶ ነው።
ቧንቧዋን እስክትከፍት
ሁለት ሰዓት አለኝ።